የመረጃ መጠን በምን ይሰፈራል?



በዘመናችን የነጋዴ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለ ሆነ፣ ኪሎውንና ኩንታሉን እንደምናውቅ ሁሉ የመረጃንም መስፈሪያ ማወቅ ይገባናል። አለማወቅ ሰውን ከሰው እንደሚያጣላ እኔው አይቻለሁ።

የምጽፍላቸው የፍኖተ ሰላም ነጋዴ የመደብሩን ሒሳብ የምናኖርበት ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከቡሬ አስገዙ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ባገናኘሁት ጊዜ ግን 931 ጊጋባይት ብቻ አሳየ። እርሳቸውም «ከኩንታሉ ሰባት ኪሎ ጎደለ ማለት አይደለምን? ሻጩ ይከሰስ» አሉ። እኔም ማመልከቻውን መጻፍ ጀመርሁ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የመረጃ መነሻ መስፈሪያ ባይት ይባላል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «ቡሬ» የሚለው ስም 6 ባይት ነው። ከዚህ በላይ ያሉት መስፈሪያዎች እያንዳንዳቸው ከበታቻቸው ያለውን 1,000 ጊዜ ያህላሉ፤ ተራቸውም፦ ኪሎባይት፣ ሜጋባይት፣ ጊጋባይት፣ ቴራባይት፣ ፔታባይት፣ ኤክሳባይት፣ ዜታባይት፣ ዮታባይት ነው። የዓለም መረጃ እየበዛ ስለ ሄደም ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሮና እና ኩዌታ የሚባሉትን ጨመረ።

የአንድ ደረሰኝ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ በአንድ ቴራባይት 333,000 ያህል ደረሰኝ ይቀመጣል።

ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ? ዲስክ ሠሪዎች በ1,000 ይሰፍራሉ፤ ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን በ1,024 ይሰፍራል። አንድ ሺህ ቢሊዮን ባይት ለ1,024 ሦስት ጊዜ ቢካፈል 931 ይሆናል። በ1,024 ለሚሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1998 ጊቢባይት የሚል የተለየ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ዳሩ ግን ዊንዶውስ ያንኑ «ጊጋባይት» ብሎ ይጽፈዋል። እንግዲህ የተለየው ቁናው ነው እንጂ ዕቃው አልጎደለም።

ኢንተርኔት የሚዋዋልም ይጠንቀቅ። ፍጥነቱ የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ማለት 1.25 ሜጋባይት ብቻ ነው።

አባቶቻችን ቁናና ዳውላ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ፣ ዋጋ ከመቁረጣቸው አስቀድሞ «በየትኛው ቁና?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኛም ሰውን በጉድለት ከመክሰሳችን በፊት ይህንኑ እንጠይቅ። እኔ ማመልከቻዬን ቀደድሁ፤ ነጋዴውም ሒሳቡን በተረዱ ጊዜ ሁለተኛውን ዲስክ ከዚያው ሻጭ አስገዙ።