አሸባሪዎች የኃይልን መንገድ ስለ ምን ይመርጣሉ?



ስለ ሽብር በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው «እነዚህ ሰዎች አእምሮአቸውን የሳቱ ናቸው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «በደል ቢበዛባቸው ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፉናል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን አሸባሪው በአብዛኛው ጤናማ አእምሮ ያለው፣ አስቦና አስልቶ የሚሠራ ሰው ሆኖ ይገኛል። በደልም ቢሆን ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ በዓለም ላይ የተበደለው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውምና። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቦምብ የሚያፈነዳው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ያም ጥቂት ብዙ ጊዜ ከተበደሉት ቤት የወጣ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስሌቱን ነው። የአሸባሪውን ስሌት ማወቅ ሥራውን ማጽደቅ አለመሆኑን አስቀድመን እንናገራለን፤ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2297 ላይ ሽብር ፍትሕንና ፍቅርን በጽኑ የሚቃረን መሆኑን ያስተምራል። ለምሳሌ የመረጥነው የኢጣልያን ታሪክ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ጉዳዩ በፍርድ ቤት በሰፊው ስለ ተመረመረ፣ ከፈጻሚዎቹም ብዙዎቹ በኋላ ስለ ሥራቸው አፍ አውጥተው ስለ ተናገሩ ነው። ሌላም ምክንያት አለን፤ ከገዳዮቹም ከሟቾቹም መካከል በእኛው ቤተ ክርስቲያን ቤት ያደጉ ይገኙበታል። (ከተለየ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድን ሰው የሚጠላ ሰው ያን ሰው ቢገድል ጉዳዩ ከዚያው ያበቃል። አሸባሪ ግን የሚገድለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም አይጠላውም። ሟቹ ለእርሱ መልእክት የሚጻፍበት ወረቀት ነው፤ መልእክቱ የሚላከው ለሚያዩትና ለሚሰሙት ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም የሽብር ተግባር ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን ገደሉ?» የሚለው ሳይሆን «ለማን ተናገሩ?» የሚለው ነው።

በዲሴምበር 12 ቀን 1969 በሚላኖ ከተማ፣ በፎንታና አደባባይ በሚገኘው የእርሻ ባንክ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ዕለቱ ዓርብ፣ ባንኩም ለገበያ ከገጠር በመጡ ገበሬዎች የተሞላ ነበር። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 88 ቆሰሉ። ያደረግነው እኛ ነን ያለ ወገን አልነበረም። ፖሊስ ወዲያው አናርኪስቶችን ተጠራጠረ፤ ከተያዙትም አንዱ ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊት ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ወድቆ ሞተ። ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ግን የኢጣልያ ፍርድ ቤቶች ድርጊቱ የአዲሶቹ ፋሽስቶች ቡድን ሥራ መሆኑን አረጋገጡ። ፊርማ የሌለው ይህ ቦምብ ምን ፈለገ? ሕዝቡ እንዲደነግጥ፣ ጥፋቱን በግራ ክንፍ ላይ እንዲያላክክ፣ በመጨረሻም «ብረት ክንድ ያለው መንግሥት ይምጣልን» እንዲል ፈለገ። ኢጣልያውያን ይህን «የውጥረት ስልት» ብለው ይጠሩታል። በኦገስት 2 ቀን 1980 በቦሎኛ የባቡር ጣቢያ 85 ሰዎችን የገደለው ቦምብም ከዚሁ ወገን የመጣ ነበር።

ቀይ ብርጌድ የሚባለው የግራ ክንፍ ድርጅት በ1970 የተመሠረተ ነው። ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ሬናቶ ኩርቾና ማርጋሪታ ካጎል፣ በትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪዎች ነበሩ፤ በ1969 የተጋቡትም በቤተ ክርስቲያን ነው። የካጎል ቤተሰብ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ይህን የምናነሣው ለነቀፋ አይደለም። ስለ ድሆች መጨነቅን ከቤት ተምሮ የወጣ ወጣት ትዕግሥቱ ሲያልቅ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የፎንታና ቦምብም የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ መንግሥት ሊገለብጠን እያሤረ ነው፣ እንግዲህ ሕጋዊው መንገድ ተዘግቷል ብለው አመኑ። የአንዱ ወገን ሽብር ለሌላው ወገን ሽብር ማስረጃ ሆነለት ማለት ነው።

ቀይ ብርጌድ እንደ ፋሽስቶቹ ፊርማውን አልሰወረም። በመጀመሪያ የፋብሪካ ኃላፊዎችን መኪና ያቃጥል ነበር። በማርች 3 ቀን 1972 በሚላኖ የአንድ ፋብሪካ ኃላፊ የሆነን ሰው ጠልፈው ወሰዱ። ሰውየውን በእጃቸው ያቈዩት ግማሽ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ነበር፤ አልገደሉትም፣ ገንዘብም አልጠየቁም። ያደረጉት ነገር ቢኖር በደረቱ ላይ ጽሑፍ አንጠልጥለው፣ በፊቱ ላይ ሽጉጥ ደግነው ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ነው። ከጽሑፉ አንዱ መፈክር አንዱን ምታ፣ መቶውን አስተምር የሚል ነበር። ፎቶግራፉ በጋዜጦች ወጣ። እነርሱም የፈለጉት ይኸንኑ ነው፤ በጥቂት ሰው፣ በአንድ ሽጉጥና በአንድ ካሜራ ሀገር በሙሉ ስማቸውን አወቀ። ደካማ ቡድን ኃያል መስሎ የሚታይበት ዘዴ ከዚህ የረከሰ አይገኝም።

ከዚህ ላይ የእኛው ኀዘን ትዝ ይለናል። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል ካሜራው ከጦር መሣሪያው ባልተናነሰ ሁኔታ ተዘጋጅቶ ነበር። ወንድሞቻችን ስደተኞች እንጂ የማንም ጠላት አልነበሩም፤ ፊልሙ የተሠራው ለእነርሱ ሳይሆን እኛ እንድናየው ነው። በሚላኖው ፎቶግራፍና በሊቢያው ፊልም መካከል ያለው የጭካኔ ርቀት ሰፊ ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው።

ወደ ኢጣልያ እንመለስ። ስሌቱ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየው በአልዶ ሞሮ ጉዳይ ነው። ሞሮ የክርስቲያን ዲሞክራሲ ፓርቲ ሊቀ መንበርና በተለያዩ ጊዜያት የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ለብዙ ዘመን ሲፋለሙ የኖሩትን ካቶሊኮችንና ኮሙኒስቶችን ቀስ በቀስ የሚያቀራርብ መንገድ ይጠርጉ ነበር። በማርች 16 ቀን 1978 ኮሙኒስቶቹ የሚደግፉት መንግሥት ምክር ቤት ቀርቦ የመተማመኛ ድምፅ ሊጠይቅ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ሞሮ ወደ ምክር ቤቱ ሲጓዙ በሮማ ፋኒ ጎዳና ላይ አምስት ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ እርሳቸውም ተወሰዱ። (ጊዜው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ወጣት የነበሩ አንባብያን «ሽብር» የሚለውን ቃል እንድንተረጉምላቸው አያስፈልጋቸውም።)

ከጨካኞቹ ባለ ሥልጣናት ይልቅ አስታራቂው ስለ ምን ተመረጠ? የሠራተኛው ፓርቲ በመንግሥት ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጠ የሽጉጡ ጥቅም ያበቃል። ጨካኝ ባላጋራ ለአሸባሪው ያስፈልገዋል፤ ጭካኔው አባላት ያስገኝለታልና። የሚያሰጋው መካከል ላይ የቆመው ሰው ነው። ለዚህም ነው በየሀገሩ የሰላም ውል ሊፈረም ሲቃረብ ፍንዳታ የሚበዛው።

በእገታው 55 ቀናት ቀይ ብርጌድ ዘጠኝ መግለጫዎችን አወጣ። በኤፕሪል ወር የጠየቀው 13 እስረኞች እንዲፈቱለት ነበር። ጥያቄው ከእስረኞቹ የሚያልፍ ነው፤ ከመንግሥት ጋር እኩል ለእኩል የሚደራደር ተዋጊ ሠራዊት ተብሎ መታወቅን ይሻ ነበር። መንግሥትም ይህን ስለ ተረዳ አልደራደርም አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ሞሮን ከተማሪነት ዘመናቸው ጀምሮ ያውቋቸው ስለ ነበር፣ በኤፕሪል 21 ቀን በእጃቸው ደብዳቤ ጽፈው በቀጥታ ለቀይ ብርጌድ ሰዎች ተናገሩ፤ ተንበርክከው ለመኑአቸው፤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንዲለቋቸው ጠየቁ። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሞሮ ራሳቸው ታግተው በጻፉት ደብዳቤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ያደረጉት ጥቂት ነው ሲሉ ቅሬታቸውን ገልጸዋል። አንድን ሰው ለማዳን መደራደር ነገ ሌላውን ማሳገት ነውን? ወይስ ሰውን ስለ መንግሥት ክብር አሳልፎ መስጠት ይገባልን? ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆነን በቀላሉ እንፈታዋለን ብንል ሐሰተኞች እንሆናለን።

በሜይ 9 ቀን የሞሮ አስከሬን በሮማ መካከል፣ ከሁለቱ ፓርቲዎች ዋና ጽሕፈት ቤቶች ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ፣ በአንዲት ቀይ ሬኖ መኪና ውስጥ ተገኘ። የቦታው ምርጫ ራሱ መግለጫ ነበር። በተጠለፉበት ዕለት ግን ምክር ቤቱ ለመንግሥቱ የመተማመኛ ድምፁን በከፍተኛ ብልጫ ሰጥቶ ነበር።

ፍርሃትን ለአንድ ለተወሰነ ጉዳይ የሚጠቀሙበትም ጊዜ አለ። መሥራቾቹ በቶሪኖ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ሲሉ፣ በኤፕሪል 1977 የከተማዋ ጠበቆች ማኅበር ሊቀ መንበር ፉልቪዮ ክሮቼ ተገደሉ። ለዳኝነት ከሕዝብ የተመረጡት ዜጎችም ብዙዎቹ የሐኪም ወረቀት እያቀረቡ ቀሩ። ችሎቱ ዘገየ። ሆኖም በ1978 ተሰይሞ ፍርዱን ሰጠ።

ከውጭ የማይታይ ሌላ ምክንያት ደግሞ ከውስጥ አለ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። በኅቡእ የሚኖር ሰው እውነተኛ ስሙን ይተዋል፤ ወላጆቹን አያይም፤ ከጓዶቹ በቀር የሚያነጋግረው የለውም። የሚያነበው የራሱን መግለጫ ነው፤ የሕዝብን ድምፅም የሚሰማው በዚያው መግለጫ ብቻ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ መመለስ ይከብዳል፤ «ተሳስተናል» ማለት «የገደልነውን በከንቱ ገደልን» ማለት ይሆናልና። ስለዚህ ቀጣዩ ግድያ ያለፈውን ግድያ ለማጽደቅ ይፈጸማል። መጀመሪያ የዓላማ መሣሪያ የነበረው ኃይል በዚህ ሁኔታ ራሱ ዓላማ ይሆናል።

በጄኖቫ የሆነው ይህን ይገልጣል። ጊዶ ሮሳ በብረታ ብረት ፋብሪካ የሚሠራ፣ የሠራተኞች ማኅበር ተወካይና የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበር። በፋብሪካው ውስጥ የቀይ ብርጌድን ወረቀት የሚበትን ሰው አይቶ አመለከተ፤ በፍርድ ቤትም ብቻውን ቆሞ መሰከረ። በጃንዋሪ 24 ቀን 1979 ገና ሳይነጋ፣ ወደ ሥራ ሊሄድ መኪናው ውስጥ እንደ ገባ ገደሉት። ለሠራተኛው መደብ ተነሥቻለሁ ያለ ድርጅት ሠራተኛ ገደለ። በቀብሩ ላይ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳንድሮ ፔርቲኒና እጅግ ብዙ ሠራተኞች ተገኙ። ብርጌዱ አድማጭ አድርጎ የመረጠው ሕዝብ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮውን ነሣው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ የድርጅቱ አለቃ ተይዞ ምስጢር ስላወጣ ወንድሙን ሮቤርቶ ፔቺን ጠልፈው ገደሉት፤ ግድያውንም በፊልም ቀረጹት።

የመንግሥት ድርሻ ነቀፋ የሌለበት ነው አንልም። በ1982 አሸባሪዎችን በመያዝ ከተመሰገኑት ፖሊሶች ጥቂቶቹ እስረኛ አሠቃይታችኋል ተብለው ተከሰሱ። መክሰስ መቻሉ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ አሸባሪው መንግሥት ጭንብሉን አውልቆ አውሬነቱን እንዲያሳይለት ይመኛልና። ከጥይቱ ይልቅ ድርጅቱን ያፈረሱት የሠራተኞቹ ፊት ማዞርና ለተጸጸቱ ቅጣት የሚያቀልሉት ሕጎች ናቸው።

በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1980 ቀድሞ የካቶሊካዊ ተግባር ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት የሕግ መምህር ቪቶሪዮ ባኬሌት፣ በሮማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሰጥተው ሲወጡ ተገደሉ። በፍትሐቱ ላይ ልጃቸው ጆቫኒ በምእመናን ጸሎት ጊዜ ተነሥቶ ለሀገሪቱ መሪዎችና ለዳኞች ጸለየ፤ አባቱን ለገደሉትም ጸለየ፤ ፍትሕ ግን እንዲፈጸም ከመሻት አልተመለሰም። ይህ ጸሎት እስር ቤት ውስጥ ተሰማ። በ1983 የታሰሩ የቀድሞ ታጣቂዎች የሟቹ ወንድም ለሆኑት ለኢየሱሳዊው ካህን ለአባ አዶልፎ ባኬሌት ጽፈው መጥተው እንዲጎበኟቸው ጠየቁአቸው። አባ አዶልፎም ሄዱ፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከእስር ቤት እስር ቤት ሲመላለሱ ኖሩ።

በጁን ወር 1984 ደግሞ አንድ ያልታወቀ ወጣት በሚላኖ ሊቀ ጳጳስ በካርዲናል ካርሎ ማርያ ማርቲኒ መኖሪያ ቦርሳዎች አስቀምጦ ሄደ። የካርዲናሉ ጸሓፊ ከፍተው ሲያዩ ጠመንጃና ሽጉጥ ከነጥይቱ አገኙ። መሣሪያው የአንድ የግራ ክንፍ ታጣቂ ቡድን ነበር። ለፖሊስ ቢያስረክቡት መሸነፍ፣ ወንዝ ውስጥ ቢጥሉት መደበቅ ይሆንባቸው ነበር፤ ከዚህ ይልቅ ተቀብሎ ሊያነጋግራቸው ይችላል ብለው ባሰቡት ሰው ደጅ አኖሩት።