የእሁድ ምሳ በቤይሩት፦ የአገሩን ምግብ የት ልብላ?

ጠያቂዋ ቤይሩት ከመጣች ዓመት ያልሞላት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት። መላሿ በከተማዋ ለረጅም ጊዜ ሠርተው የኖሩ እናት ናቸው።

ጠያቂ፦ እትዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሊባኖሶችን ምግብ ስሠራ እውላለሁ። የዕረፍት ቀኔንም ለእሱ ላውለው?

መላሽ፦ ልጄ፣ መሥራትና መብላት ለየቅል ናቸው። ስንቷ እህታችን ለአሠሪ ማዳሟ የታቡሌ ሰላጣ ስትከትፍ ዓመታት ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ ወንበር ስባ «አምጡልኝ» ሳትል አገሯ ገብታለች። ያበሰለች እጅ መጉረስም ይገባታል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ከፉርን። ፉርን የሰፈር መጋገሪያ ነው፤ በየመንደሩ ታገኚዋለሽ። ጠዋት ሄደሽ የዛዕታር መንኡሼ የሚባለውን ቂጣ እዘዢ። ጋጋሪው ሊጡን በጣቶቹ ጫፍ ጫን ጫን እያደረገ ይዘረጋዋል፤ በጎደጎደው ላይ ዘይቱ ይጠራቀማል። ዛዕታሩ ጦስኝ የሚመስል ቅጠል ነው፤ ከሱማቅ ቅመምና ከሰሊጥ ጋር በወይራ ዘይት ይለወሳል። ቲማቲምና ናዕና ማለትም ናና ቅጠል ጨምረሽ ትጠቀልዪዋለሽ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መንኡሼን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ዋጋው ግን ዛሬም ከብዙው ምግብ የቀለለ ነው።

ጠያቂ፦ ጾም ሲሆንስ?

መላሽ፦ አትቸገሪም። የሊባኖስ ክርስቲያኖችም ይጾማሉ፤ የጾም ምግባቸውን «ሲያሚ» ይሉታል። ፉል አለልሽ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ይገባበታል፤ እንደ አዲስ አበባው ፉል በርበሬ አትጠብቂበት። ሙጀደራ ደግሞ ምስርና ሩዝ ነው፤ ላዩ ላይ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረግበታል። የጾሙ ሥርዓት በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚለያይ፣ ለበን ማለትም እርጎ እንዳይመጣልሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጠያቂ፦ ተቀምጠው የሚበሉት የቤት ምግብስ?

መላሽ፦ ጀማይዜ ሰፈር ውስጥ፣ ጉሮ መንገድ ላይ «ለ ሼፍ» የሚባል ትንሽ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እናቶች በየቤታቸው የሚሠሩትን ዓይነት ምግብ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በደረሰው የወደብ ፍንዳታ ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ ግን ተጠግኖ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ቤት ስትገቢ «የዛሬው ምግብ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ትኩሱ እሱ ነው። ዋጋውንም ሳታዝዢ እወቂ፤ በዶላር ይሁን በሊራ ለይተው ይንገሩሽ።

ጠያቂ፦ እኛ የምናዘወትረው ቡርጅ ሐሙድን ነው። እዚያስ?

መላሽ፦ እዚያማ የአርመኖች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915ቱ የአርመኖች እልቂት የተረፉ ስደተኞች ከቤይሩት ወንዝ ማዶ ሰፍረው የመሠረቱት ነው፤ ምግባቸውንም ሳይጥሉ ለልጅ ልጅ አቆይተውታል። ባስተርማቸውን ቅመሺ። የበሬ ሥጋ በጨው ይደርቅና በአብሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ይለበጣል። በቋንጣና በአብሽ ላደገ ሰው ባዕድ አይሆንም። ስስ ቂጣ ላይ የተፈጨ ሥጋ ተቀብቶ የሚጋገረውን ላሕማጁንም ሎሚ ጨምቀሽበት ብዪ።

ጠያቂ፦ ክትፎ ሲያምረኝስ?

መላሽ፦ ሊባኖሶች ኪቤ ናየ አላቸው። ጥሬ ሥጋ ልሞ ይፈጭና ከቡርጉል ማለትም ተቀቅሎ ከተከካ ስንዴ ጋር ይታሻል፤ የወይራ ዘይት ፈሶበት ከናዕናና ከሽንኩርት ጋር ይበላል። ጥሬ ስለሆነ በዚያው ቀን ከታረደ ሥጋ እንደሚሠሩ ከምታውቂው ቤት ውጪ አትብዪ። እንጀራ ያማረሽ ቀን ደግሞ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሰፈር የአገራችን ልጆች ምግብ ቤቶችና በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች አሉ።

ጠያቂ፦ የእኔ ማዳም እኮ እሁድን ሁልጊዜ አትለቀኝም።

መላሽ፦ እንግዲያው ዋናውን ነገር ልንገርሽ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት ይሰጥሻል። ውልሽን አስነብቢ፣ ቅጂውንም ያዢ። ዕረፍት ማዳም ደስ ሲላት የምትሰጥሽ ስጦታ አይደለም፤ የፈረመችበት ግዴታዋ ነው። በትሕትና ጠይቂ፤ መጠየቅሽንም አታቋርጪ።