የሶዌቶ እናቶችና ሰላም

ጥያቄ፦ ክቡር ሆይ፥ በደቡብ አፍሪካዪቱ ሶዌቶ ከደሙ ዘመን በኋላ ሴቶች ሰላምን ያገለገሉት በጸሎትና በምክር ብቻ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 በአፍሪካንስ ቋንቋ መማርን ተቃውመው አደባባይ በወጡት ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ፥ ኀዘንና ትካዜ በየቤቱ በገባ ጊዜ፥ በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያቸው የታወቁት ወይዘሮ ኤለን ኩዝዋዮ፥ በ1977 ለሶዌቶ ሕዝብ መብት በቆመው የአሥሩ ሰዎች ኮሚቴ ብቸኛዪቱ ሴት ሆነው፥ ስለዚሁም ያለ ፍርድ አምስት ወር ታስረው ከወጡ በኋላ፥ ዛማኒ የሶዌቶ እኅቶች በተባለው ማኅበር በአማካሪነት እያገለገሉ፥ እናቶች ፊደልና ስፌት ተምረው በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን እንዲችሉ ደከሙ። ይህን ምግባረ ሠናይ እኔ ከብዙ የዕርቅ ጉባኤ አስበልጠዋለሁ፤ ጉባኤው ያለ ጥቅም ነው ማለቴ ግን አይደለም። እኒህ እመቤት በ1994ቱ ምርጫ፥ በ79 ዓመታቸው፥ የምክር ቤት አባል ሆኑ።