ለኡኡታው ውሃ ይዘን ወይስ ስልክ ይዘን?

 

የዛሬው ትምህርታችን ከበድ ይላል። ራስን ስለማጥፋት በስልካችን ላይ የሚወራው ወሬ የደከመን ሰው እንዴት ሊገፋ እንደሚችል፣ እኛስ ምን ማድረግ እንዳለብን እንነጋገራለን። እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል። ይህን ጽሑፍ ዛሬ የሚፈልገው ሰው ከጎናችሁ ሊኖር ይችላል።

እኛ ኮንና አካባቢው ያለን ሰዎች ሌሊት ኡኡታ ከሰማን ከተኛንበት ተነስተን እንሮጣለን። የማን ቤት ነው፣ ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሳት ከሆነ ውሃ፣ ሕመም ከሆነ ቃሬዛ ይያዛል። አሁን ግን ኡኡታ በድምፅ ብቻ አይመጣም። በቴሌግራም ግሩፕ፣ በዋትስአፕ ስታተስ፣ በቲክቶክ ላይቭ ይመጣል። «በቃኝ»፣ «ከእንግዲህ አታገኙኝም»፣ «አውፍ በሉኝ» ይላል። እኛም እንሮጣለን፤ ግን ስልክ ይዘን ነው። አንዱ ስክሪንሾት ያነሳል፣ አንዱ ሼር ያደርጋል፣ አንዱ ይሳለቃል፣ አንዱ ደግሞ ከሥሩ «ጀሀነም ነው የምትገባው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ሺህ ሰው አየው፤ አንድ ሰው ግን አልደወለለትም።

ከአካባቢያችን ብዙ ቤት ልጁ ወይም እህቱ ዓረብ አገር ናት። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ከዚያ ልውሰድ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ውጭ ሆና «ያዙኝ» እያለች ስትጮህ፣ አሠሪዋ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት። ልጅቱ ወደቀች። በአላህ ፈቃድ ከታች ያለ ጣሪያ ላይ አርፋ በሕይወት ተረፈች። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። አብሮት የዞረው ወሬ «ራሷን ልታጠፋ ስትል» የሚል ነበር። ልጅቱ ከሆስፒታል ስትናገር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ሞት ፈልጋ ሳይሆን ከአሠሪዋ ለማምለጥ ስትሞክር እንደወደቀች ተናገረች። የኩዌት ባለሥልጣናትም አሠሪዋን አልረዳሽም ብለው አሰሯት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ሕይወት የምትፈልግን ሰው ወሬ በአንድ ቀን «ሞት ፈላጊ» ሊያደርጋት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ«በቃኝ» ጀርባ ብዙ ጊዜ ስም ያለው ችግር አለ፦ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተያዘ ፓስፖርት፣ ዱላ፣ ዕዳ፣ ያልታከመ ሕመም፣ ከጦርነቱ የተረፈ ሐዘን። ወሬ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አይጠይቅም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ፣ የሰላም ወይም የፍርሃት ወሬ ሲደርሳቸው ወዲያው የሚያሰራጩ ሰዎችን ይወቅሳል። ነገሩን ወደ መልእክተኛውና ኃላፊነት ወዳላቸው ሰዎች ቢመልሱት ኖሮ፣ የሚያውቁት ሰዎች እውነቱን ያወጡት እንደነበር ይነግረናል። ራስን መግደልን የሚከለክለው አንቀጽ ያለውም በዚያው ሱራ ነው፤ 29ኛው። ክልከላው የሚያበቃው አላህ ለእኛ አዛኝ መሆኑን በመናገር ነው። ክልከላውን ይዞ እዝነቱን የጣለ ሰው አንቀጹን በግማሽ አነበበው።

ወሬ እንዴት ይገፋል?

«ወሬ ሰው አይገድልም» የሚል ካለ ይህን ይስማ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰውም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ጋዜጦች የአንድን ሰው ራስን ማጥፋት በፊት ገጻቸው አጉልተው ካወጡ በኋላ ተመሳሳይ ሞቶች እንደሚጨምሩ አሳየ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው በዕድሜና በኑሮ እሱን የሚመስል ሰው እንዲህ አደረገ ሲባል ይሰማል። እንዴት እንዳደረገው ያነባል። አገሩ ሁሉ ሲያለቅስለት ያያል። በእሱና በሞት መካከል የነበረው አጥር ዝቅ ይልበታል።

ተቃራኒውም ታይቷል። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በምድር ባቡር ጣቢያዎች የሚደርሰው ራስን ማጥፋት እየበዛ መጥቶ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ ሰጡ፤ ጋዜጦቹም ማጋነኑን ተዉ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ቁጥሩ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የኦስትሪያ ጥናት ደግሞ፣ ሞትን አስበው በሌላ መንገድ ጭንቃቸውን ስላለፉ ሰዎች የሚነገር ታሪክ ከራስ ማጥፋት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ስለዚህ ችግሩ መናገር አይደለም፤ አነጋገሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለጋዜጠኞች ባወጣው መመሪያ የአሟሟቱን ዘዴ አትዘርዝሩ፣ ቦታውን አታጉሉ፣ የመጨረሻ መልእክቱን አታትሙ፣ ምክንያቱን አንድ ነገር ብቻ አታድርጉት፣ እርዳታ የሚገኝበትን ጠቁሙ ይላል። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ነውና መመሪያው ለእኔም ለእናንተም ነው።

ከወሬው ሌላ የተዘጉ ግሩፖች አሉ። ያዘኑ ሰዎች ተሰባስበው የሚያወሩባቸው ናቸው። መጀመሪያ ላይ «የሚገባኝ ሰው አገኘሁ» የሚል እፎይታ አለ፤ ይህን አልንቀውም። ሰው ቤት ተዘግቶባት ለምትሠራ እህት ስልኳ ብቸኛ መስኮቷ ነው፤ ዝጊው አልላትም። ግን የታመሙ ሰዎች ብቻቸውን ሆነው፣ ቀን ከሌሊት ስለ ሞት ብቻ ሲያወሩ፣ ዘዴ ሲለዋወጡ፣ አንዱ ሌላውን «አድርገው» ሲል፣ መጽናኛው ወጥመድ ይሆናል። መተግበሪያውም ያዘነን ሰው ሐዘን ይመግበዋል። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ሞተች። ጉዳዩን የመረመረው ባለሥልጣን በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ በማኅበራዊ ሚዲያ ስታየው የነበረው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳለው አረጋገጠ።

«ለቀልድ ነው» ብላችሁ «አድርገዋ!» የምትጽፉ ልጆችም ልብ በሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳን ወይም የረዳን ይቀጣል። በአላህ ዘንድ ያለው ሒሳብ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል።

መርየም ምን ተባለች?

አንድ ሰው ሞትን ሲመኝ ምን እንደሚባል ከቁርኣን እንማር። እናታችን መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ይዟት፣ ብቻዋን ሆና፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለውም ተጨምሮባት፣ ምነው ከዚህ በፊት ሞቼ፣ ተረስቼ በቀረሁ ብላ ተመኘች። ታሪኩ በሱረቱ መርየም ከ23ኛው አንቀጽ ጀምሮ አለ። መልሱ ቁጣ አልነበረም። «ኢማንሽ የት ሄደ?» አልተባለችም። አትዘኚ ተባለች። ከበታችዋ ውሃ እንዳለ ተነገራት። የተምሩን ግንድ ወዝውዢ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ዓይንሽም ይርጋ ተባለች። ከዚያም ሰው ካየሽ ዛሬ ማንንም አላናግርም በዪ ተባለች።

ይህን የመጨረሻውን አስተውሉ። አላህ በዚያች የጭንቅ ቀን ከሰዎች ጥያቄ ጋረዳት። ውሃ፣ ምግብ፣ የሚያጽናና ቃል፣ ከሕዝብ ዓይን መጋረጃ። የደከመ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። የእኛ የኮሜንት ሜዳ የሚሰጠው ደግሞ ተቃራኒውን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ነገሩን ከሕዝብ ወደ አንድ ጆሮ አውጡት። ከሥሩ አትጻፉ፤ ደውሉ። ድምፅ ከጽሑፍ ይሻላል። «ጽሑፍህን አየሁት፤ አሳሰብከኝ። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ? ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሉት። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብላችሁ አትፍሩ። ባለሙያዎች እንደሚነግሩን ጥያቄው ያን ሐሳብ አይፈጥርም፤ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሸክሙን እንዲያወርድ ይረዳዋል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። ምክሩ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ብቻውን አትተዉት። አሳቤን ጨርሻለሁ፣ ዘዴና ቀን አለኝ ካለ ሰዓቱ አሁን ነው። በአካል የሚደርስለት ሰው ፈልጉ፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ዓረብ አገር ያለች እህት ከሆነች እዚያው ከተማ ያለች ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የአገራችን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈልጉ። «ለማንም አትንገር» ብትላችሁ፣ ምስጢር አማና ቢሆንም ነፍስ ማዳን ይቀድማል። አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን በሱረቱ አል-ማኢዳ 32ኛው አንቀጽ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፤ የኢማን ማነስ ብቻ አድርገን አንቁጠረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል። ሩቅያና ዱዓ ይኑር፤ ሐኪሙም ይኑር። ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉላችኋል። የመንገዱን ብር ያጣ ካለ ቅሬው ለቀብር ብቻ የተቋቋመ አይደለም። ለሬሳ የምናዋጣውን ለሕያው ብናዋጣ ምን ይለናል?

አራተኛ፣ የግሩፕ አድሚኖች። የስንብት መልእክትና ምስል አትለፉ፤ አንሱት። ሰውየውን ግን በማባረር አትጀምሩ፤ መጀመሪያ አግኙት። ሌሊት የሚደወልለት ሁለት ሦስት የታመነ ሰው፣ ከእነሱም እህት ትኑርበት፣ ስማቸው ከግሩፑ አናት ላይ ይታወቅ።

አምስተኛ፣ ሞቱ ደርሶ ከሆነ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን በሉና ዝርዝሩን ከእናንተ ዘንድ አስቀሩት። «ተገላገለ» አትበሉ፤ ያ ቃል በሌላው ጭንቀታም ጆሮ ግብዣ ነው። «ጀሀነም ገባ»ም አትበሉ። ድርጊቱ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑ ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሱን በገደለ ሰው ላይ ራሳቸው አለመስገዳቸው በሙስሊም ተዘግቧል። አብዛኞቹ ዑለማ ግን የጀናዛ ሶላት ይሰገድበታል ይላሉ፤ ሙስሊም ነውና። በዚያው በሙስሊም ዘገባ፣ ከጡፈይል ኢብኑ ዐምር ጋር የተሰደደ አንድ ሰው በሕመም ተማርሮ የሞተበት ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያ ሰው ምሕረት ለመኑለት። ይህ ለማንም ፈቃድ አይደለም፤ ፍርዱ የእኛ አለመሆኑን ግን ያስተምረናል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠች እናት ሁለተኛ ሐዘን ከስልኳ ላይ አታንብብ።

አንተ ራስህ ለሆንክ፣ አንቺ ራስሽ ለሆንሽ

ይህን እያነበባችሁ ያ ሐሳብ በውስጣችሁ ካለ፣ አሁን ለእናንተ ልናገር። ማሰባችሁ ከአላህ እዝነት አላስወጣችሁም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በደረሰበት መከራ ምክንያት ማንም ሞትን እንዳይመኝ ሲከለክሉ፣ ለጨነቀው ሰው የሚለውን ደግሞ አስተምረዋል፦ መኖር ለኔ መልካም እስከሆነ ድረስ አኑረኝ፣ መሞት መልካም ሲሆንልኝ ውሰደኝ ብሎ አላህን ይለምን ዘንድ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ዘግበውታል። ሰዓቱን ለባለቤቱ ተዉት ማለት ነው።

ዛሬ ሌሊት ምንም አትወስኑ። ስለ ሞት የሚያወራውን ግሩፕ ዝጉት። ከምታምኑት ሰው አንዱን አስነሱት፤ እናት ትሁን፣ ወንድም ይሁን፣ ኡስታዝ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን። «ራሴን ስለማጥፋት እያሰብኩ ነው፤ ብቻዬን አትተወኝ» በሉት። በተመሰጠረ ስታተስ አትናገሩት፤ በግልጽ ቃል ንገሩት። የመጀመሪያው ሰው ካልገባው ሁለተኛውን ጥሩ። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካልቻላችሁ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። አፋፉ ላይ ደርሰው የተመለሱ፣ ዛሬ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትወጡ፣ ከሰነበተ ዝም ያለ አንድ ሰው አስቡና ደውሉለት።

ያ አላህ፣ የጨነቃቸውን ጭንቃቸውን ግለጥላቸው። በስደት ያሉትን እህቶቻችንን ጠብቅልን። ወዳጆቻቸውን በዚህ መንገድ ላጡ ቤተሰቦች ሶብር ስጣቸው። ምላሳችንንና ጣታችንን ሰውን ከመግፋት አርቅልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።