ኮሎኖስኮፒ፦ ከዝግጅቱ እስከ ማገገሚያው ሰውነትዎ ምን ይሰማዋል?

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ይተወዋል። ቅባት ይገዛል፣ የባህል መድኃኒት ይሞክራል፣ ወራት ያልፋሉ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ፖሊፕ የሚባለው ትርፍ ሥጋና ካንሰርም ደም ያሳያሉ። ለይቶ ለማወቅ አንጀቱን ከውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ ሲያዝ ግን ብዙ ሰው ከበሽታው ይልቅ ምርመራውን ይፈራል። የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ፍርሃቱን በእጅጉ ያቀላል።

መሣሪያው

ኮሎኖስኮፕ የጣት ውፍረት ያለው፣ እንደልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። በፊንጢጣ ገብቶ 1.5 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ትልቁን አንጀት ያሳያል። በ1969 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ የተባሉ ሐኪሞች ኒውዮርክ ውስጥ በዚህ መሣሪያ ሆድ ሳይከፍቱ ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ዛሬም ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን ፖሊፕ ገና ሳይከፋ ያስወግዳል።

ከባዱ ክፍል ዝግጅቱ ነው

ምርመራውን ያለፉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት በቱቦው ሳይሆን በዋዜማው ነው። አንጀት ካልጸዳ ሐኪሙ ምንም አያይም፤ ምርመራውም ይደገማል።

ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ጎመን፣ ሽምብራ፣ ቆሎ፣ በቆሎ፣ ተልባና አንጮቴ ይተዉ። የጾም ምግብ ቀላል ቢመስልም ሽሮና ምስር አንጀት ውስጥ ብዙ ዝቃጭ ይተዋሉ። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦና እንቁላል ይሻላሉ። በዋዜማው የሚፈቀደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውኃ፣ ሻይ፣ አምቦ ውኃ፣ የተጠለለ የሥጋ መረቅ። ቡናም ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይፈቀዳል። ወተት፣ አጥሚትና ቀይ ለስላሳ አይፈቀዱም።

ከዚያ ማጽጃው መድኃኒት ይጠጣል። ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት ወይም ማለዳ ይወሰዳል። ሆድ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርድ ብርድ ይላል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተቅማጡ ይጀምርና ደጋግሞ ያመላልሳል። ቀስ ብሎ መጠጣት ማቅለሽለሹን ይቀንሳል፤ ቫዝሊን መቀባት ፊንጢጣ እንዳይቃጠል ይረዳል። የሚወጣው ቢጫና ጥርት ያለ ውኃ ሲሆን አንጀቱ ጸድቷል ማለት ነው።

የስኳር መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የአይረን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። አይረን ሰገራን ስለሚያጠቁር ከምርመራው ቀናት በፊት ይቋረጣል።

ከወለጋ ለሚጓዙ

ምርመራው በአቅራቢያዎ ከሌለ ሪፈር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች ነው። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ማጽጃውን ቤትዎ ጠጥተው አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ። ቀደም ብለው ይግቡ፤ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ ማረፊያ ይያዙና መጠጣቱን እዚያ ይጀምሩ። አብሮዎት የሚሆን ዘመድ ያስፈልጋል፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከተሰጠዎት ብቻዎን አይለቁዎትም።

በምርመራው ክፍል

ጋውን ለብሰው በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ያጥፋሉ። ብዙ ቦታ በደም ሥር የሚያረጋጋና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል፤ ያንቀላፋሉ፣ ብዙውንም ላያስታውሱ ይችላሉ። ያለ እሱ የሚሠራበት ቦታም ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ነቅተው ከሆነ መጀመሪያ የሚሰማዎት የቅባቱ ቅዝቃዜና የሐኪሙ ጣት ነው። ቱቦው ሲገባ ሰገራ የመጣ ይመስላል፤ አንጀቱ ባዶ ስለሆነ አይጨነቁ። ከዚያ አንጀቱን ለመክፈት አየር ይነፋል፤ ሆድ ይወጠራል። ቱቦው የአንጀቱን መታጠፊያ ሲያልፍ ደግሞ ለአፍታ ጠንከር ያለ ቁርጠት ይመጣል። ያን ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ፤ ከበዛብዎት ይናገሩ። ሐኪሙ አየሩን ይቀንሳል፣ ነርሷ ሆድዎን ትጫናለች ወይም በጀርባዎ ያስተኙዎታል። አየሩ መውጣት ከፈለገ አይያዙት፤ ለሐኪሞቹ የዕለት ሥራቸው ነው።

ቱቦው መጨረሻው ከደረሰ በኋላ ከባዱ አልፏል። ሐኪሙ በጥንቃቄ የሚያየው እየመለሰ ሲያወጣው ነው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ሲቆረጥ ስለማያምም ናሙና ሲወሰድ ወይም ፖሊፕ ሲነሣ አይሰማዎትም። ሁሉም በአብዛኛው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ

ለጥቂት ሰዓታት ሆድዎ ይነፋል፤ ወዲያ ወዲህ ማለት አየሩን ያስወጣል። ናሙና ከተወሰደ ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰዱ ለ24 ሰዓት መኪና፣ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ አይንዱ፤ ውልም አይፈርሙ።

አንጀት መበሳት ከ1,000 ሰው በአንዱ ላይ እንኳ የማይደርስ አደጋ ነው፤ ሲደርስ ግን አፋጣኝ ሕክምና ይፈልጋል። እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መደንደን፣ ትኩሳት፣ ብዙ ደም ወይም ራስን መሳት ካለ ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። ፖሊፕ ከተቆረጠ ደም እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወለጋ ተመልሰዋል። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ሳይዙ ከአዲስ አበባ አይውጡ፤ የናሙናው ውጤት መቼና ከማን እንደሚገኝም ይጠይቁ።

ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም የሰገራ ልማድዎ ለሳምንታት ከተለወጠ በዚህ ሳምንት ለሐኪም ያሳዩ። አንድ ሌሊት መጉላላትና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ምርመራ ሕይወትን ሊያተርፍ ይችላል።