ዴስክቶፕን የሚተካ ትልቅ ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

በነቀምቴ ከተማ በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚያልፍ ሰው ብዙ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችን ያያል። በነዚህ ቤቶች የሚሠሩት ሰዎች ማመልከቻ፤ የሽያጭ ውል፤ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ መጥሪያ እየጻፉ ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድራሉ። የሥራቸው መሣሪያ በአብዛኛው ዴስክቶፕ የሚባለው፤ ከጠረጴዛ ላይ የማይነሣው ኮምፒዩተር ነው። ይህ መሣሪያ ሲያረጅ በሌላ ዴስክቶፕ ይተካ ወይስ በትልቅ ላፕቶፕ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በግምቢ፤ በነጆ፤ በደምቢ ዶሎና በሻምቡም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥያቄው በችኮላ የሚመለስ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፤ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒዩተር ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። እንግዲህ አንድ የቡና ገበሬ ለልጁ፤ ወይም አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ለሥራዋ የምትገዛው ላፕቶፕ የብዙ ወራት ድካም ዋጋ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፤ ሳይመረምር የገዛ ሰው ሁለተኛ ለመግዛት ዐቅም አያገኝም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የተማርነውን ሒሳብና ፊዚክስ እየጠቀስሁ የአመራረጡን መንገድ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

1. ትልቅ ላፕቶፕ ማለት ምን ማለት ነው?

ላፕቶፕ በጭን ላይ ሊቀመጥ የሚችል፤ ስክሪኑ፤ ኪቦርዱና ባትሪው በአንድነት የተሠሩ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው «ኦስቦርን 1» የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር 11 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ስክሪኑም 5 ኢንች ብቻ ነበር። ባትሪም አልነበረውም። ዛሬ ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በተለምዶ ትልቅ የሚባሉትም ከ16 ኢንች ጀምሮ ያሉት ናቸው።

2. ስለ ስክሪኑ ልክ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ነጋዴው «17 ኢንች» ሲል የሚነግረን ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርዝመት እንጂ ወርዱንና ቁመቱን አይደለም። ወርዱንና ቁመቱን ለማግኘት በፓይታጎረስ ደንብ መሥራት ይገባል።

ለምሳሌ ባለ 17.3 ኢንቹን እንውሰድ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፤ ርዝመቱ 43.94 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የስክሪኑ ወርድ ከቁመቱ ጋር ያለው ንጽጽር 16 ለ 9 ነው። የ16 ካሬ 256፤ የ9 ካሬ 81፤ ድምሩ 337 ሲሆን፤ የዚህ ካሬ ሥር 18.36 ያህል ነው። 43.94ን ለ18.36 ብናካፍል 2.393 እናገኛለን። ይህን በ16 ብናባዛ ወርዱ 38.3፤ በ9 ብናባዛ ቁመቱ 21.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱም ወደ 825 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

አሁን ከሌሎች ጋር እናስተያየው። ቀድሞ ከዴስክቶፕ ጋር ይመጣ የነበረው፤ ንጽጽሩ 5 ለ 4 የሆነው ባለ 17 ኢንች ስክሪን ወርዱ 33.7፤ ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱም 910 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በስም የሚያንሰው አሮጌው ስክሪን በስፋት ይበልጣል ማለት ነው። ደብዳቤና ውል ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይጠቅመዋል፤ ወረቀት በቁመቱ የሚነበብ ነውና።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ንጽጽሩ 16 ለ 10 የሆነው ባለ 16 ኢንች ላፕቶፕ ቁመቱ እንደ ባለ 17.3 ኢንቹ 21.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚያንሰው በወርዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጽሕፈት ሥራ ቀለል ያለው ባለ 16 ኢንች ከትልቁ እኩል ሊያገለግል ይችላል። በሰፊ ሠንጠረዥ ሒሳብ ለሚሠራ የቡና ነጋዴ ወይም የቤት ፕላን ለሚነድፍ ሰው ግን የ17.3ቱ ወርድ ይበጀዋል።

ከልኩ ሌላ የነጥቦቹ ብዛት መታየት አለበት። ትልቅ ሆኖ በወርድና በቁመት 1600 በ900 ነጥብ ብቻ ያለው ስክሪን ፊደሉን ሻካራ ያደርገዋል። ቢያንስ 1920 በ1080 መሆን ይገባዋል። ደግሞም ስክሪኑን ከጎን ሆኖ መመልከት ያስፈልጋል። በጽሕፈት ቤት ባለጉዳዩ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀምጦ የስሙን አጻጻፍ ስለሚያርም፤ ከጎን ሲታይ የሚጠቁር ስክሪን ለዚህ ሥራ አይመችም።

3. ስለ መብራትና ስለ ባትሪ

እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው የፊንጫ የውሃ ኀይል ማመንጫ የሚገኘው በዚሁ በወለጋ ምድር፤ በሆሮ ጉድሩ ነው። ይሁን እንጂ በከተሞቻችን መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዴስክቶፕ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። በሰፈራችን በሚገኝ አንድ የጽሕፈት ቤት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲጻፍ የዋለ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ጠፍቶ፤ ባለቤቱ ተማሪና ጸሐፊዋ እስከ ማታ እንደ ገና ሲሠሩ አይቻለሁ። ዩፒኤስ የሚባለው መሣሪያ ይህን ጉዳት ያስቀራል፤ ነገር ግን ትንሹ ዐይነት የሚሰጠው የጥቂት ደቂቃ ፋታ ብቻ ነው።

የላፕቶፕ ባትሪ ግን ሰዓታት ሊያሠራ ይችላል። ምን ያህል እንደሚያሠራ ለማወቅ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ሰዓት ማባዛት ነው። 11.4 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ከሆነ 57 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለጽሕፈት ሥራ 19 ዋት የሚወስድ ቢሆን ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ ለፊልም ማቀናበር 57 ዋት የሚወስድ ቢሆን ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ትልቅ ስክሪንና ብርቱ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ብዙ ኀይል ስለሚበላ፤ ትልቅ ሁሉ ብዙ ሰዓት ይሠራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ባትሪው ሲሠራ የነበረውን መጠንና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን መጠን ያስተያይ። ዊንዶውስ ሁለቱን ቁጥሮች በዘገባ ያወጣቸዋል። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ግማሽ ከሆነ፤ ሦስቱ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወርዷል ማለት ነው። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ሰዓትም ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ዴስክቶፕ የሌለው ጥቅም ነው።

4. ስለ ውስጡ ዕቃ

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ይጠይቃል። ስለዚህ «አይ7 ነው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማንበብ ያሻል። ለምሳሌ አይ5-8250 የ8ኛው፤ አይ7-4600 የ4ኛው ትውልድ ነው። በዚህ ረገድ አዲሱ አይ5 ከአሮጌው አይ7 ይሻላል።

ራሙ ለጽሕፈት ሥራ ከ8 ጊጋ ባይት ባያንስ፤ ለሥዕልና ለፊልም ሥራ 16 ቢሆን መልካም ነው። በኋላ ሊጨመርበት ይችል እንደ ሆነም ቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በአንዳንዶቹ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዷልና። ማኅደሩ በውስጡ የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይሁን። ሃርድ ዲስክ በመኪና መንገጫገጭ በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል። ፋይልን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ መተማመንም አይገባም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፤ በወለጋም ጭምር፤ ስልክና ኢንተርኔት ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በላፕቶፑ፤ ሌላው በተለየ ማኅደር ይቀመጥ።

5. ስለ ኪቦርዱና ስለ ፊደሉ

የኛ አገር ጸሐፊ በሁለት ፊደል ይጽፋል፤ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል። ለአማርኛ የመጻፊያ ፕሮግራም መጫን ይበቃል። በቁቤ ለመጻፍ ግን ሁዻ የተባለው ምልክት በየመስመሩ ስለሚያስፈልግ ቁልፉ በለመድነው ቦታ መገኘት አለበት። ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ በመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ የፊደሎቹና የምልክቶቹ ቦታ የተለየ ነው። ትልልቆቹ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች አሏቸው፤ ይህም ለሒሳብ ሠራተኛ ትልቅ ርዳታ ነው።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዐት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ግን የየራሳቸው ፊደል ካልተጫነ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ አሮጌው ዴስክቶፕ ከመሸጡ በፊት ሰነዶቹ ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ።

6. የላፕቶፕ ጉድለቶች

እውነቱን ለመናገር ላፕቶፕ ጉድለት አለው። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ቢበላሽ ሌላ ገዝቶ መሰካት ነው፤ የላፕቶፕ ግን ተፈትቶ ይጠገናል። የባለ 17.3 ኢንች ስክሪን ቢሰበር መለዋወጫውን በቅርብ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። ሌባም ዴስክቶፕን ተሸክሞ ለመሮጥ ይቸገራል፤ ላፕቶፕን ግን በጃኬት ሸፍኖ ይወጣል። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው መቆለፊያ ቀዳዳ ያለውና በብረት ገመድ የሚታሰር ይሁን።

ለጤናም ማሰብ አለብን። የላፕቶፕ ስክሪን ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ሰው አንገቱ ይታመማል። መፍትሔው ላፕቶፑን በደንብ በማይናወጥ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጦ፤ የአሮጌውን ዴስክቶፕ ኪቦርድና ማውስ ሰክቶ መጠቀም ነው።

7. ለማን ምን ይስማማል?

ከዚህ በላይ ከተጻፈው የሚከተለውን ፍርድ መስጠት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍና ማታ መሣሪያውን ወደ ቤት ለሚወስድ ሰው ትልቅ ላፕቶፕ ተገቢ ነው። የአሮጌው ዴስክቶፕ ስክሪን ገና ደኅና ከሆነ ግን፤ አነስ ያለ ላፕቶፕ ገዝቶ ከዚያው ስክሪን ጋር ማገናኘት ገንዘብ ይቆጥባል። መሰኪያዎቹ ካልተገጣጠሙ የሚያገናኝ አዳፕተር ይገኛል። ከቤቱ የማይንቀሳቀስና ከባድ የፊልም ሥራ የሚሠራ ሰው ዴስክቶፑን ከጥሩ ዩፒኤስ ጋር ቢይዝ ይሻለዋል።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምንዘጋጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችስ? የምንመደብበትን ስፍራ አስቀድመን አናውቅም፤ ከነቀምቴ ጅግጅጋ ወይም ጎንደር ሊደርሰን ይችላል። ሻንጣችንን ተሸክመን አውቶቡስ ለአውቶቡስ ስንለዋወጥ፤ ከመኝታ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንመላለስ፤ 3 ኪሎ የሚመዝን ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ጋር ሸክም ይሆንብናል። ለኛ 14 ኢንች ይበቃናል።

ወላጆቻችን «ትልቁ ይሻላል» ብለው በቡናው ገንዘብ ትልቁን ሊገዙልን ሲነሡ፤ ፍላጎታቸው እኛን ለማስደሰት ነው። ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት አብረናቸው ተቀምጠን ሥራው ምን እንደ ሆነ፤ መሣሪያው የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር ብንነግራቸው፤ ገንዘባቸው በከንቱ አይወጣም። የተማርነው ሒሳብና ፊዚክስም ከፈተናው ወረቀት አልፎ ለቤታችን ይጠቅማል።