የከተማ ምክር ቤት አጀንዳን በአማርኛ የሚያደርስ ቦት እንዴት እንሥራ?

ዛሬ የምንማረው የአንድ ትንሽ ፕሮግራም አሠራር ነው። ፕሮግራሙ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ሊሰበሰብ ሲል አጀንዳውን ያነባል፣ ከእኛ ሰው ኑሮ ጋር የሚገናኘውን ነጥብ ይለያል፣ ከዚያም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በቴሌግራም ቡድን ላይ በአማርኛ ያደርሳል። ፓይተን የነካካ ሰው የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት ቅዳሜ ሊጨርሰው ይችላል። ኮድ ገና ያልጀመራችሁም አትሽሹ፤ ደረጃዎቹን በቃል ነው የማስረዳው።

ለምን ሲያትል? አንደኛ፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ከተማ ነው። ሁለተኛ፣ የምክር ቤቱ መረጃ ለፕሮግራም በሚመች መልክ ክፍት ነው። ሦስተኛ፣ እዚያ የሚወሰነው ነገር ቀጥታ ኪሳችን ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ምክር ቤቱ የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ተደራጅተው በኅብረት እንዲደራደሩ የሚፈቅደውን ደንብ 8 ለ 0 አጸደቀ። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ለእነዚሁ ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስነውን ደንብ ያለ ተቃውሞ አሳለፈ፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ጉዳዩ ቀድሞ በአጀንዳ ላይ ተጽፎ ነበር። ጥያቄው ማን አነበበው፣ መቼስ ደረሰው የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ይሰጠናል?

ፕሮግራም ከመጻፋችን በፊት ሕጉን እናንብብ፤ የፕሮግራሙን ቅርጽ የሚወስነው እሱ ነው። የዋሽንግተን ስቴት የክፍት ስብሰባ ሕግ የወጣው በ1971 ነው። ማንኛውም ሰው በስብሰባው መገኘት ይችላል ይላል፤ ለመግባት ስም ማስመዝገብ እንደ ግዴታ አይጠየቅም። በ2014 በተጨመረው አንቀጽ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ኢንተርኔት ላይ መውጣት አለበት። በ2022 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ፣ ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር፣ የመጨረሻ ውሳኔ በሚሰጥበት መደበኛ ስብሰባ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ሕዝቡ በቃል ወይም በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጥበት ዕድል እንዲኖር ያስገድዳል።

እንግዲህ በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን ሕጉ «አውጡ» ይላል እንጂ «አድርሱ» አይልም። አጀንዳ ወጥቶ ማንም ካላየው ሕጉ ተከብሯል፤ እኛ ግን አልሰማንም። ፕሮግራማችን የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው። ከሁሉም በላይ 24 ሰዓት የምትለዋን ቁጥር ያዙ፣ እንመለስባታለን።

መረጃው የት ነው ያለው?

የሲያትል ምክር ቤት ስብሰባዎቹን የሚመዘግበው ሌጂስታር በተባለ ሶፍትዌር ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይጠቀሙበታል። ሌጂስታር ኤፒአይ አለው፤ ማለትም ገጹን በዓይን ከማየት ይልቅ ፕሮግራማችን ጠይቆ ጄሰን በሚባለው ቅርጽ መልስ ይቀበላል። የሲያትልን ያለ ቁልፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ኒውዮርክ ግን ቶክን ይጠይቃል።

ሦስት ነገሮችን ማወቅ በቂ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ነው፦ የትኛው አካል፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት። ሁለተኛው የስብሰባው ነጥቦች ናቸው፦ በተራ ቁጥር የተቀመጡ ጉዳዮች። ሦስተኛው ጉዳዩ ራሱ ነው፦ ረቂቁ፣ ቁጥሩ፣ ታሪኩና አባሪዎቹ። ስብሰባው ወደ ነጥቦቹ፣ ነጥቡ ወደ ጉዳዩ በመለያ ቁጥር ይያያዛሉ። ዳታቤዝ የተማራችሁ ሦስት ሠንጠረዥ እያያችሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የአጀንዳውን ፒዲኤፍ ለመፍታት አትድከሙ። በፒዲኤፉ ያለው ዋና ነገር በነጥቦቹ ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል። ከረቂቆች ጋር የሚያያዘው ማጠቃለያና የወጪ ማስታወሻ ግን በሰው ዓይን ቢነበብ ይጠቅማል፤ ከሕጉ ጽሑፍ ይልቅ ቋንቋው ቀላል ነው።

ደረጃ 1፦ መቼ እንጠይቅ?

አሁን ወደ 24 ሰዓት እንመለስ። አጀንዳው ሰኞ 2:00 ፒኤም ወጣ፣ ስብሰባው ማክሰኞ 2:00 ፒኤም ነው እንበል። ፕሮግራማችሁ በቀን አንድ ጊዜ፣ 1:00 ፒኤም ላይ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አጀንዳውን የሚያየው ማክሰኞ 1:00 ላይ ነው። ለሰው የሚቀረው አንድ ሰዓት ብቻ! በየሰዓቱ ቢጠይቅ ግን ቢበዛ የሚባክነው አንድ ሰዓት ነው፤ 23 ሰዓት ይተርፋል። ስለዚህ በየሰዓቱ። ከዚያ በላይ ማፍጠን ለእኛ ብዙ ትርፍ የለውም፤ የከተማውን ሰርቨር ማጨናነቅ ብቻ ነው።

አጀንዳ ከወጣ በኋላም ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ «ይህን ስብሰባ አይቼዋለሁ» ብሎ መዝለል አይበቃም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የነጥቦቹን ርእሶች በቅደም ተከተል አያይዤ ሃሽ አወጣለሁ፣ ከስብሰባው መለያ ቁጥር ጋር አስቀምጣለሁ። በሚቀጥለው ሰዓት ሃሹ ከተቀየረ አጀንዳው ተነካ ማለት ነው፤ የተጨመረውንና የወጣውን ነጥብ ብቻ ለይቼ እልካለሁ። ሰው አንድ መልእክት ሦስቴ ከደረሰው ቡድኑን ድምፅ አልባ ያደርገዋል። ያኔ ቦቱ ሞተ።

ደረጃ 2፦ ሰዓት

ሌጂስታር ቀኑንና ሰዓቱን ለየብቻ ነው የሚሰጠው። የቀኑ መስክ ሰዓቱን ሁልጊዜ ዜሮ ያሳያል፤ እውነተኛው ሰዓት በሌላ መስክ «2:00 ፒኤም» ተብሎ በጽሑፍ ይመጣል። ሁለቱን አገናኝታችሁ ካልተጠቀማችሁ ሁሉም ስብሰባ እኩለ ሌሊት ላይ ይሆናል። የሰዓት ሰቁንም በስሙ፣ «አሜሪካ ሎስ አንጀለስ» ብላችሁ አስቀምጡ። ሲያትል በክረምት ከዓለም አቀፉ ሰዓት 8፣ በበጋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ አንዱን ቁጥር ብቻ መጻፍ ከዓመቱ ከፊሉን ያሳስታል።

ቀጥሎ የራሳችን ጣጣ አለ። እናቴን «ስብሰባው በሁለት ሰዓት ነው» ብትሏት ጠዋት ትመጣለች። እዚያ ለተወለደው ልጅ ግን ሁለት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚሳሳተው መልእክቱ ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ ሁለቱንም መጻፍ ነው፦ «ከቀትር በኋላ 8:00 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 2:00 ፒኤም)»። ስሌቱ 6 መቀነስ ወይም መደመር ብቻ ነው። ከፊቱ የሳምንቱን ቀን አስቀድሙ፤ ማክሰኞ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ማክሰኞ ነው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ጉዳይ ለማን?

ሰው ሁሉንም ማንበብ አይፈልግም። ስለዚህ ተጠቃሚው ርእስ ይመርጣል፦ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ሹፌሮች፣ ትናንሽ ንግዶች፣ ፖሊስ፣ የሕፃናት መዋያ። የሲያትል ረቂቆች ርእስ የታወቀ አካሄድ አለው፤ «ስለዚህ ጉዳይ የወጣ ደንብ» ብሎ ይጀምርና ከመጀመሪያው ነጠላ ሰረዝ ነጥብ በኋላ ዝርዝሩን ያስከትላል። እስከዚያች ምልክት ያለውን ቆርጣችሁ ከእንግሊዝኛ ቁልፍ ቃላት ጋር ብታመሳስሉ በአብዛኛው ርእሱን ታገኙታላችሁ። ያልተለየውን አትጣሉት፤ «ሌሎች» በሚል ስር በዝርዝር ይላክ።

ተጠቃሚው በአማርኛ ጽፎ እንዲፈልግ ከፈቀዳችሁ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። «ሕግ» እና «ህግ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግል ቅጂ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ እስከ ሳብዕ ድረስ ሁሉንም ፊደል ማለቴ ነው። ለአንባቢ የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንኩ። ሁለተኛ፣ «ኪራይ» ብቻውን አይመጣም፤ «በኪራይ»፣ «ኪራዩ»፣ «ስለኪራይ» እየተባለ ይመጣል። ሙሉ ቃል ለቃል ማመሳሰል አያዋጣም። ርእስን በአዝራር ማስመረጥ የተሻለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ «ጸደቀ» ማለት መቼ ይቻላል?

ከሁሉም ደረጃዎች ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። በሲያትል ረቂቅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በኮሚቴ ይታያል፣ ከዚያ 9 አባላት ወዳሉት ሙሉ ምክር ቤት ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ከንቲባው። ከንቲባው ውድቅ ቢያደርገው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም በ6 ድምፅ፣ ሊሽረው ይችላል። በኤፒአዩ ላይ ግን ኮሚቴው ሲደግፈውም ሆነ ሙሉ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው የሚመዘገበው ቃል አንድ ዓይነት፣ «ፓስ»፣ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ብቻ አይቶ «ጸደቀ» የሚል ቦት የውሸት ዜና ይነዛል። ገና አስተያየት መስጠት የሚቻልበትን ጉዳይ ሰው «አለቀ» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ የእርምጃውን ቃል ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበውን አካል ስምም አብራችሁ ተመልከቱ። ኮሚቴ ከሆነ «ኮሚቴው እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረበ»፣ ሙሉ ምክር ቤት ከሆነ ብቻ «ምክር ቤቱ አጸደቀ፤ የከንቲባው ፊርማ ይቀረዋል» በሉ።

አማርኛችንም የራሱ ወጥመድ አለው። «ተላለፈ» ስንል ምን ማለታችን ነው? «ውሳኔ ተላለፈ» ሲባል ተወሰነ ነው። «ስብሰባው ተላለፈ» ሲባል ደግሞ ለሌላ ቀን ሆነ ነው። «የኪራዩ ደንብ ተላለፈ» ብሎ የሚልክ ቦት ለግማሹ ሰው የምሥራች፣ ለግማሹ መርዶ ይሆናል። እኔ በምጠቀምበት የቃላት መዝገብ ውስጥ «ተላለፈ» የለም። «ጸደቀ»፣ «ውድቅ ሆነ»፣ «ለሌላ ቀን ተቀጠረ» ብቻ ናቸው የተፈቀዱት።

ለዚህም ነው መልእክቱን ለማሽን ትርጉም አሳልፌ የማልሰጠው። የእርምጃ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በእጅ ተተርጉመው በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። የረቂቁን ርእስ ማሽን ቢተረጉመው እንኳ ከመላኩ በፊት ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ይየው። መልእክቱ በግምት ይህን ይመስላል፦

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 8:00 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 2:00 ፒኤም)
ጉዳይ፦ የቤት ኪራይ
የሚሰበሰበው፦ ሙሉ ምክር ቤቱ
ደረጃ፦ የመጨረሻ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል
ማድረግ የሚቻለው፦ በቃል ወይም በጽሑፍ አስተያየት መስጠት
ዋናው ሰነድ፦ የረቂቁ ቁጥርና ማስፈንጠሪያ

የመጨረሻዋ መስመር አትቅር። አንባቢ ቦቱን አምኖ እንዲቀር ሳይሆን ራሱ እንዲያረጋግጥ ነው የምንፈልገው።

ቦቱ የማይሠራው

ቦቱ «ደግፉ» ወይም «ተቃወሙ» አይልም። አንዱን ወገን የያዘ ቀን ሌላው ይወጣል፤ የሚያስማማን መረጃው ብቻ ነው። የተጠቃሚዎችንም ስም፣ ስልክና የሚኖሩበትን ሰፈር አትሰብስቡ። ለመላክ የሚያስፈልገው የቴሌግራም መለያ ቁጥርና የመረጡት ርእስ ነው፤ ያልያዛችሁት መረጃ አይሰረቅም።

በአጀንዳ የማይገኝም ብዙ አለ፦ ኢሜይሎች፣ ውሎች፣ የቁጥጥር ሪፖርቶች። ለእነዚህ የስቴቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ አለ፤ በ1972 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ነው። ጥያቄ የደረሰው መሥሪያ ቤት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ምላሹ ግን ሰነዱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ «ይህን ያህል ጊዜ ያስፈልገኛል» ማለትም ምላሽ ነው።

በሌላ ከተማ ላላችሁ

ሐሳቡ ያው ነው፣ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። በእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች አጀንዳ ቢያንስ 5 ሙሉ ቀናት ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ በቀን አንዴ መጠየቅ ይበቃል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ወሳኝ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ እዚያ ያላችሁ ከመተርጎማችሁ በፊት የተተረጎመ መኖሩን ፈልጉ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት ኮድ ሳትጽፉ የከተማችሁን ምክር ቤት የሚቀጥለውን አጀንዳ ክፈቱ። ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ አጀንዳው ከስብሰባው ስንት ሰዓት ቀድሞ ወጣ? የመጨረሻ ድምፅ የሚሰጥበት ነጥብ የትኛው ነው? ከነጥቦቹ ውስጥ ጎረቤታችሁ ማወቅ ያለበት አለ? ካለ፣ የመጀመሪያውን መልእክት በእጃችሁ ጻፉና ላኩለት። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።